በየትኛው ደንብ ተጻፈ? የጉለሌው ሆስፒታል ወረቀቶችና የመዛግብት ገለጻ ታሪክ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙ በማይርቅ ሰፈር የታክሲው ረዳት «ፓስተር ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ለከተማው እንግዳ የሆነ የሴሚናሪ ተማሪ አንድ የወንጌል አገልጋይ የተጠራ ሊመስለው ይችላል። የሰፈሩ ስም ግን ከአገልጋይ የመጣ አይደለም። በፈረንሳዊው የሳይንስ ሊቅ በሉዊ ፓስተር ስም የተጠራ የምርምር ተቋም በዚያ ይሠራ ስለ ነበር ሰፈሩ ስሙን ወረሰ። በፊደላችን ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ጽሑፉ ብቻ ቀርቶ የሚያስረዳ ሰው ቢጠፋ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ የታሪክ ጸሐፊ «በጉለሌ አንድ ስመ ጥር ፓስተር ነበሩ» ብሎ ቢጽፍ ልንወቅሰው አንችልም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ በዚያ ግቢ ወንጌላውያን በእርግጥ መኖራቸው ነው። ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተባሉት የሰሜን አሜሪካ ዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሐኪምና ሚስዮናዊ፣ የኅዳር በሽታ አገር ባወደመ ማግሥት፣ በ1919 እ.ኤ.አ. ከሱዳን ተነሥተው ወደ ሳዮ ገቡ፤ ዛሬ ደምቢ ዶሎ የምንላት ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠሩ ጠየቋቸው። በኦሃዮ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ የነበራቸው ጆርጅ የተባሉ ምእመን ገንዘብ ሰጡ፤ ሆስፒታሉም በ1923 እ.ኤ.አ. በጉለሌ ተቋቁሞ በእርሳቸው መታሰቢያነት ተሰየመ። የከተማው ሰው የአሜሪካን ሚስዮን ሆስፒታል አለው፤ የጉለሌ ሆስፒታልም አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግቢው ከሚስዮኑ እጅ ወጣ። ከነጻነት በኋላ የሕክምና ምርምር ቤት፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የፓስተር ኢንስቲትዩት፣ በዘመናችን ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆነ። አንድ ግቢ ነው፤ የስሙ ብዛት ግን አንድ ገጽ ይሞላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውለው ይሆናል። ከላይ «1923 እ.ኤ.አ.» ስል ወደ እኛ አቆጣጠር አልመለስኩትም። ያልመለስኩት ሰንፌ አይደለም። ወሩን ሳላውቅ 1915 ዓ.ም. ነው ወይስ 1916 ዓ.ም. ማለት ስለማልችል ነው። ይህን ካልነገርኩዎት ግን እርስዎ ከቁጥሩ ላይ ስምንት ወይም ሰባት ቀንሰው የራስዎን ዓመት ያወጣሉ፤ ሌላው አንባቢም ሌላ ያወጣል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው፦ መዝገብን የሚገልጽ ሰው በየትኛው ደንብ እንደ ገለጸ ለምን መጻፍ እንዳለበት።

የጉለሌው ሆስፒታል ሠራተኞች ለቦርዳቸው የሚልኩት ደብዳቤ ወደ ፊላዴልፊያ ይሄድ ነበር። የፕሬስቢቴሪያን ታሪክ ማኅበር የሚባለው ቤተ መዛግብትም እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ የቤተ ክርስቲያኒቱን የውጭ ሚስዮን ወረቀቶች ይጠብቃል። ዶክተር ላምቢ በኋላ ከቦርዱ ተለይተው ወደ ደቡብ የሚሄድ ሌላ ሚስዮን አቋቋሙ፤ ያም በ1927 እ.ኤ.አ. ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ጋር ተቀላቀለ። የዚያ ወረቀት በሌላ ቤት ነው ያለው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ወረቀት በስዊድን፣ የሄርማንስቡርግ ሚስዮን ወረቀት በጀርመን ነው። በእኛ በኩል ያለው በየአጥቢያው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሽማግሌዎች ቤት፣ አንዳንዱም አልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ይገኛል። ዳርዮስ የቤተ መቅደሱን ትእዛዝ ሲያስፈልግ ፍለጋው በባቢሎን ተጀምሮ ጥቅልሉ የተገኘው በሜዶን አገር እንደ ነበር ዕዝራ ምዕራፍ 6 ላይ ያነበቡትን ያስታውሱ። የእኛም ታሪክ እንዲሁ የተጻፈበት ቦታና የተቀመጠበት ቦታ አይገናኝም። ስለዚህ ከጉለሌ ሳይነሣ በፊላዴልፊያ ያለውን ሊያገኝ የሚወድ ሰው የሚመካው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመፈለጊያው።

የመዛግብት መፈለጊያ ማለት ቤተ መዛግብት ስላለው ስብስብ የሚያዘጋጀው ገለጻ ነው። ማን እንደ ጻፈው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚደርስ፣ ስንት ካርቶን እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ዶሴ ምን እንዳለ ይናገራል። ድሮ በታይፕ የተመታ ወረቀት ነበር፤ ለማንበብ እዚያው መሄድ ግድ ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ፒቲ የሚመሩት ቡድን ኮምፒዩተር እንዲያነበው መፈለጊያውን በምልክት የመክተብ ሥራ ጀመረ። ውጤቱ ኢ.ኤ.ዲ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው እትም በ1998፣ ሁለተኛው በ2002፣ ሦስተኛው በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ነገር ግን ምልክት ዕቃ ነው። «ይህ ስም ነው፣ ይህ ዓመት ነው» ብሎ ያመለክታል እንጂ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ዓመቱ እንዴት እንደሚቆጠር አያስተምርም። ያንን የሚያስተምረው የገለጻ ደንብ ነው። ዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት ኢሳድ የተባለውን አጠቃላይ ደንብ በ1994 እ.ኤ.አ. አወጣ። የመጀመሪያው እትም ስድስት ክፍሎች ነበሩት፤ ስድስቱም ስለ ሰነዱ የሚናገሩ ናቸው። በ1999 በስቶክሆልም የጸደቀው ሁለተኛው እትም ሰባተኛ ክፍል ጨመረ። ሰባተኛው ስለ ሰነዱ አይናገርም፤ ስለ ገላጩ ይናገራል። ገለጻውን ማን አዘጋጀው? በየትኛው ደንብ? መቼ? አሜሪካውያንም ዳክስ የሚሉትን የራሳቸውን ደንብ በ2004 አወጡ፤ ከዚያ በፊት ሌላ ነበራቸው። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ መፈለጊያ እንኳ ደንቡን ካልነገረዎት በየትኛው እንደ ተሠራ ከመልኩ ለመገመት ይገደዳሉ።

የ2002ቱ የኢ.ኤ.ዲ. እትም ለዚህ ጥያቄ የራሱን ቦታ አበጀ። በመፈለጊያው ራስጌ፣ ማን እንደ ከተበውና በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጻፈ ከሚነገርበት አጠገብ፣ የገለጻ ደንብ የሚጻፍበት አንድ መስክ አለ። የ2015ቱ እትም ስሙን ቀይሮ አሰፋው፤ የደንቡን ሙሉ ስም፣ አጭር ስሙንና ማብራሪያ ለየብቻ ይቀበላል፣ ከአንድ በላይ ደንብ ቢኖርም መስኩን መደጋገም ይቻላል። መስኩ ትንሽ ነው፤ ቸኩሎ የሚከትብ ሰው ባዶ ቢተወው አያስገርምም። ባዶ መተው ምን እንደሚያስከትል ግን በአንድ ቁጥር ላሳይዎት።

በጉለሌ ካሉ አጥቢያዎች በአንዷ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ካርቶን አገኙ እንበል። ላዩ ላይ «ደብዳቤዎች፣ ጉለሌ፣ 1928» ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ዓመቱ የማይጨው ዓመት ነው። መጋቢት 22 ጦርነቱ ተደረገ፣ ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፣ ሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር ገባ። በዚያ ዓመት ከጉለሌ የተጻፈ ደብዳቤ ምን ሊይዝ እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። ቁጥሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ግን አብዛኛው 1920 ዓ.ም. ነው። ያም ላምቢና ባልደረቦቻቸው በመጋቢት ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ወላይታንና ሲዳማን በመሰለው የደቡብ አገር የወንጌል ሥራ የጀመሩበት ዓመት ነው። አንዱ የዘር ጊዜ ነው፣ ሌላው የመከራ ዋዜማ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያስተምሩ ከሆነ እነዚህን ስምንት ዓመታት ማምታታት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ሚስዮናውያኑ ወጥተው ምእመናኑ ብቻቸውን በቀሩበት ዘመን ላይ የምንሰጠው ትምህርት ሁሉ ማን መቼ እዚያ ነበረ በሚለው ላይ የቆመ ነውና።

አሁን ይህ ካርቶን በኮምፒዩተር ይከተብ። ከታቢው «1928» ብሎ ቁጥሩን በዓመት መስክ አስገባ፤ ስለ አቆጣጠሩ ምንም አላለም። በ2002ቱ የኢ.ኤ.ዲ. እትም የዓመት መስክ ለአቆጣጠር የተዘጋጀ ቦታ አለው፤ ያንን ቦታ ከታቢው ካልሞላው ሥርዓቱ ራሱ «ግሪጎርያን» ብሎ ይሞላዋል። ይህን ስረዳ ደንግጫለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ዝምታ ገለልተኛ መስሎን ነበር። ከታቢው ዝም ሲል ኮምፒዩተሩ በእርሱ ፈንታ ተናገረ፤ የተናገረውም የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ በፊላዴልፊያም በአዲስ አበባም የሚፈልግ ሰው ካርቶኑን በላምቢ የደቡብ ጉዞ ዓመት ሥር ያገኘዋል፤ በወረራው ዓመት የሚፈልግ ደግሞ ጨርሶ አያገኘውም። ማንም አልዋሸም፤ ስህተቱ ግን ተመዝግቧል።

የአዲስ ኪዳን መግቢያ የተማሩ ሁሉ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ክርክር ያውቃሉ። ሉቃስ ምዕራፍ 3 መጀመሪያ ላይ የመጥምቁ ዮሐንስን አገልግሎት በጢባርዮስ ቄሣር አሥራ አምስተኛ ዓመት ይጀምረዋል፤ ጲላጦስን፣ ሄሮድስን፣ ፊልጶስን፣ ሊሳንዮስን፣ ሐናንና ቀያፋን ይጨምርበታል። እንደዚህ ብዙ ካስማ የተከለ የታሪክ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ሆኖም ሊቃውንት ያ አሥራ አምስተኛ ዓመት ጢባርዮስ ብቻውን ከነገሠበት ይቆጠራል ወይስ ከአውግስጦስ ጋር ሥልጣን ከተጋራበት እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የሉቃስ የመጀመሪያ አንባቢዎች የአቆጣጠሩን ደንብ ያውቁት ስለ ነበር መጻፍ አላስፈለገውም። እኛ ግን አናውቀውም። ስለ ሥራው መንገድ ግን ሉቃስ ዝም አላለም፤ ከእርሱ በፊት ሌሎች እንደ ጻፉ፣ ከዓይን ምስክሮች እንደ ተቀበሉ፣ እርሱም ከመጀመሪያው መርምሮ በተራ እንደሚጽፍ በመግቢያው አራት ቁጥሮች አስቀምጧል። ያንን መግቢያ የኢሳድ ሰባተኛ ክፍል ላይ ብናስቀምጠው ከ«መቼ» በቀር ለጥያቄዎቹ የሚበቃ መልስ ይሰጣል ብል እንደ ቀልድም እንደ ቁም ነገርም ይውሰዱልኝ።

ወደ ስም እንሂድ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፣ ዐጽማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለ እርሳቸው የሚፈልግ ተማሪ በጉ ሥር ይፈልግ ወይስ በቱ? በእኛ ልማድ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ቱምሳ የአባታቸው ስም ነው። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚያስቀድም ከታቢ ግን ልጁን በአባቱ ስም ይመዘግበዋል። ኦነሲሞስ ነሲብን ያስቡ፤ በልደት ስማቸው ሂካ ነበሩ። ላምቢን ደግሞ በአማርኛ ወረቀት ሲያገኟቸው ስማቸው በሁለት በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ደንቡ ከታወቀ የትኛውም አሠራር ያገለግላል፤ ፈላጊው ደንቡን ተከትሎ ይሄዳል። ደንቡ ካልታወቀ በአንድ መፈለጊያ ውስጥ ቄስ ጉዲና ሁለት ሰው ይሆናሉ።

የተቋማት ስምም እንዲሁ ነው። ላምቢን የላከችው ቤተ ክርስቲያን በ1958 እ.ኤ.አ. ከሌላ ጋር ተዋሕዳ ስሟ ተለወጠ። በኢትዮጵያ ከዚያ ሚስዮን ሥራ የተገኘችው የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ አንድ ወሰን አልነበረውም፤ የዛሬው ክፍለ ከተማ አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በክፍለ ከተማ ስትዋቀር የመጣ ነው፣ በሚስዮናውያን ደብዳቤ ያለው ጉለሌ ግን ከከተማው ዳር ያለ አገር ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ኤሏ አንዴ ነጠላ አንዴ ድርብ ትሆናለች። የግእዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ እኛ አይታወቀንም፤ በቃል በቃል የሚፈልግ ኮምፒዩተር ግን በአንዷ ኤል ምክንያት ግማሹን ዶሴ ይዘላል።

ፊደልና ቋንቋን ማምታታትም አለ። ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉሙ የጻፉት በግእዝ ፊደል ነው፤ ከምዕራብ ወለጋ የሚመጣ አሮጌ ደብዳቤም በዚሁ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ሊሆን ይችላል። ፊደሉን ብቻ አይቶ «አማርኛ» ብሎ የሚያልፍ ገላጭ አንድን ሕዝብ ከራሱ ታሪክ ያጠፋዋል። ኢ.ኤ.ዲ. ለቋንቋው አንድ ኮድ፣ ለጽሕፈቱ ሌላ ኮድ እንዲሰጥ የተደረገው እንዲህ ያለውን ለመለየት ነው። በዚህ ረገድ ከኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን የምንማረው አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አብዛኛውን በሚኒሶታ ሆነው ገለጹት፣ ካታሎጉም አሥር ቅጽ ደረሰ። እኛ ስለ ራሳችን ወረቀት እንዲህ ያለ አንድ ቅጽ እንኳ በእጃችን ቢኖር ምንኛ በጠቀመን።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና ጉባኤ ወደ ቤት ሲገባ፣ የምእመናንን ስም ዝርዝር መያዝ አደጋ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የቀረ ደብተር ውስጥ ስም ሳይኖር ቁጥር፣ ወይም አንድ ፊደል ብቻ ማግኘት የሚጠበቅ ነው። ዛሬ ያንን ደብተር የሚገልጽ ሰው ሁለት ዓይነት ዝምታ ይገጥመዋል፤ ጸሐፊው ሆን ብሎ የደበቀው፣ እና ገላጩ ራሱ በሕይወት ያለን ሰው ለመጠበቅ የሚተወው። እነዚህ ሁለቱ ካልተለዩ የኋለኛው አንባቢ የጥንቃቄን ዝምታ የመርሳት ዝምታ አድርጎ ያነበዋል። ስም መተው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ስም መተውን አለመናገር ግን ተገቢ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኮምፒዩተርም ላያስፈልግ ይችላል። አጥቢያዎ ወረቀቷን በደብተር የምትዘረዝር ብትሆን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይጻፉ፦

«ይህ ዝርዝር የኢሳድን ሁለተኛ እትም ተከትሎ ተዘጋጅቷል። ዓመት በሰነዱ ላይ እንደ ተጻፈ ተቀምጧል፤ አቆጣጠሩ በማስረጃ ሲታወቅ የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓውያን ተብሎ ተለይቷል፣ ሳይታወቅ ሲቀር ‹አቆጣጠሩ አልተለየም› ተብሏል። የኢትዮጵያውያን ስም በራሳቸው ስም ይጀምራል፣ የአባት ስም ይከተላል። የቦታ ስም በሰነዱ እንዳለ ሆኖ የዛሬው አጠራር በቅንፍ ተጨምሯል። ሞክሼ ፊደላት በሰነዱ እንዳሉ ተገልብጠዋል። በሕይወት ያሉ ምእመናን ስም ሆን ተብሎ አልወጣም፤ በሰነዱ ራሱ የጎደለ ስም ‹በሰነዱ የለም› ተብሏል።»

ከሥሩ ያዘጋጀው ሰው ስምና ቀኑ ይግባ፤ ቀኑም አቆጣጠሩ ተጠቅሶ። ነገ ዝርዝሩ በኢ.ኤ.ዲ. ሲከተብ ይህ አንቀጽ እንዳለ ወደ ደንብ መስኩ ይገባል። ከታቢው የዓመቱን መስክ ሲሞላም አቆጣጠሩን በቃል ይጽፋል እንጂ ለኮምፒዩተሩ ፈቃድ አይተወውም። አንዳንዱን ነጥብ በሌላ መንገድ ቢወስኑት አልቃወምም። ለምሳሌ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ለፈላጊ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ እኔ የጸሐፊውን እጅ እንዳለ ማስቀረትን እመርጣለሁ። ብቻ የወሰኑትን ይጻፉት።

ያ «1928» የተጻፈበት ካርቶንስ? ይክፈቱትና ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ያንብቡ። ወሩ በአማርኛ ተጽፎ እንደሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቀኑ ጋር የሳምንቱ ዕለት ተጠቅሶ እንደሆነ ይመልከቱ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ አንድ ቀንና አንድ ዕለት ከተገኙ አብዛኛውን ጊዜ አቆጣጠሩ ይለያል። ከለዩ በኋላ በዝርዝሩ ላይ «አቆጣጠሩ የተለየው በደብዳቤው ላይ ካለው የሳምንቱ ዕለት ነው» ብለው የትኛው ደብዳቤ እንደሆነ ጨምረው ይጻፉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን የቀድሞ ጽሑፍ ግን አይፋቁት።